የአቶ ትንሽ ቀረው መኪና

እምሩ መኪና ነበረው። ይህን ስል የማያውቀው ሰው ጠዋት ተነስቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ ሥራ የሚሄድ ሰው ይመስለዋል። እምሩ ግን መኪና እያለው ስምንት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ የተመላለሰ ሰው ነው። ያን ጊዜ ኦክላንድ ውስጥ ያለነው ሐበሾች በጣት የምንቆጠር ስለነበርን እርስ በርስ ከመተማማት ሌላ ብዙም መዝናኛ አልነበረንም፤ የእሱ መኪና ደግሞ ለሐሜት የተመቸ ነበር። «አቶ ትንሽ ቀረው» የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ስሙ እንዲሁ አልመጣም። ያገኘው ሰው ሁሉ «እህሳ፣ መኪናው አለቀ?» ይለዋል። እሱ መነጽሩን በጣቱ ገፋ ያደርግና «ትንሽ ቀርቶታል» ይላል። በቃ። «አለቀ» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ አልነበረም፤ ስለ መኪናው ብቻ ሳይሆን ስለ ምንም ነገር። ለእናቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ሁልጊዜ አንድ ገጽ ይቀረዋል። የሚጠጣው ሻይ አንድ ጉንጭ ይቀረዋል። በአንድ የኢንጂነሮች ቢሮ ፕላን ነዳፊ ነበር፤ አለቃው ወረቀቱን ከክንዱ ሥር ጎትቶ ካልወሰደበት በቀር አንዲት መስመር ሲያስተካክል ይውላል። ሰነፍ ነው እንዳትሉ። ስንፍናስ በስንት ጣዕሙ፤ ሰነፍ ሰው ቢያንስ ይተኛል።

መኪናውን የገዛው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1966 ሚያዝያ ላይ ሳን ሆዜ ነው። ሳን ሆዜ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው አልነበረም፤ ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲሉ ዓይን እስከሚደርስበት የፕለም ዛፍ ነው። እምሩ የተማረው እዚያ ስለነበር አካባቢውን ያውቀዋል። በአንዲት ባልቴት ጎተራ ውስጥ የቆመ አሮጌ ፕሊማዝ አለ ብሎ ይዞኝ ሄደ። የ1939 ሞዴል ነው። የጎተራው በር ሲከፈት መጀመሪያ የወጣችው ዶሮ ናት። ከዚያ ሌላ ዶሮ። የኋላው ወንበር ላይ አንዲት እናት ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ እኛን አይታም አልተነሳች። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ በዝገት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፣ ኮፈኑ ላይ የተጋገረው ኩስ የጣት ውፍረት ነበረው። እኔ እንቁላል ገዝተን የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እምሩ ግን ኩሱን በመሐረቡ ጠረገና ዓይኑን ጨፍኖ ፓራፋንጎውን በመዳፉ ዳሰሰው። ባልቴቷ የሚጸልይ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

የሚገርመው ሞተሩ ጤነኛ ነበር። ባትሪ ተውሰን ስንሞክረው ሁለተኛው ላይ ተነሳ። በል ነድተነው እንሂድ አልኩት። እሱ እንዲህ ባለ ቀለም ሰው ፊት አልወጣም ብሎ በሌላ መኪና አስጎትቶ ኦክላንድ አመጣው። ከሌክ ሜሪት ሐይቅ ከፍ ብሎ የተከራየው ቤት ከጀርባው ጋራዥ ነበረው፤ እዚያ አስገባው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ስምንት ዓመት የተቀመጠው የሚነዳ መኪና ነው።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ወልዴ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። ጋሽ ወልዴ፣ ሙሉ ስማቸው ወልደሰንበት፣ እርሻ ሊማሩ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። የበዓል ቀን ሲጠፋብን የምንጠይቀው እሳቸውን ነው፤ ስንጣላም የሚያስታርቁን እሳቸው ናቸው። እምሩ ከምሳ በኋላ ብድግ አለና «ስልሳ ስድስት ሳያልቅ ይቺ መኪና አልቃ ታያላችሁ» አለ። አጨበጨብን።

ስልሳ ስድስት አለቀ። የፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት እዚያው ቤት ተገናኘን። መኪናው ግን እምሩ ጋራዥ ውስጥ በሮቹ ተነቅለው፣ ወለሉ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ከመንገድ አደጋ የተረፈ መስሎ ተቀምጧል። እኔ ቀኑን ስጠብቅ ነው የከረምኩት፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስልሳ ስድስት የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁት። እምሩ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይበት መለሰልኝ።

«በእኛ ነው ያልኩት።»

ጋሽ ወልዴ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። በእኛ አቆጣጠር ጊዜው ገና ሃምሳ ዘጠኝ ጥር ሊገባ ነው። ስልሳ ስድስት እስኪያልቅ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለው። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያገኘ ሰው ከእሱ በፊትም አላየሁም፣ ከእሱ በኋላም አላየሁም። ስንስቅ ቆየንና ጋሽ ወልዴ ዕንባቸውን እየጠረጉ ፈረዱ፤ የተናገረው በአማርኛ ስለሆነ ዓመቱም የእኛ ነው፣ ጳጉሜም ትጨመርለት አሉ። እኛ ቀልድ መስሎን ነበር። እምሩ ግን ስለ ጳጉሜዋ ከልቡ አመሰገናቸው።

ሥራውን አልነቅፍም፤ ነቅፌ አላውቅም። ጎረቤቱ የነበሩ አንድ ጡረታ የወጡ ፖርቱጋላዊ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጨማደደ መኪና በመዶሻ ሲያቃኑ የኖሩ ባትላሜራ ናቸው ያስተማሩት። የዛገውን ላሜራ ይቆርጣል፣ በምትኩ አዲስ ይበይዳል፣ ይቀጠቅጣል፣ ስስ ስቱኮ ይለቀልቅበታል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀትና በውሃ ይፈትገዋል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ በቀኝ መዳፉ ይዳስሰዋል። አዛውንቱ እንዲህ ነበር ያሳዩት፤ ዓይን ያላየውን ጎድጓዳ መዳፍ ያገኘዋል ብለው። ችግሩ የእምሩ መዳፍ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ያገኛል። ያገኘ ዕለት ከላሜራው ይጀምራል።

ብርጭቆ ወረቀቱ ከኪሱ አይለይም ነበር፤ እንደ ዳዊት አጣጥፎ ይይዘዋል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቲኬቱን ያሳየ መስሎት ብርጭቆ ወረቀቱን ለሹፌሩ ሰጥቶታል። ሹፌሩ አገላብጦ አይቶ መለሰለት።

በዚያ ዘመን ኦክላንድ ተቆፍራ ነበር። በምድር ሥር የሚሄድ ባቡር ሊገባ ነው ተብሎ መንገዱ ሁሉ ጉድጓድና ጣውላ ሆኗል፤ እምሩ የሚሠራበት ቢሮም ለዚሁ ባቡር ፕላን ይነድፋል። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ፣ እንደ ፈረንጆቹ በሰባ ሁለት ባቡሩ ሰው ይዞ ሄደ። የእምሩ ግራ ፓራፋንጎ ገና ነበር። የቀረው ባቡሩ በባሕሩ ሥር አልፎ ሳን ፍራንሲስኮ መግባቱ ነበርና ጋሽ ወልዴ ከመኪናህና ከባቡሩ ማን ይቀድማል እያሉ ይጠይቁት ጀመር። እሱ መነጽሩን ገፋ ያደርጋል። ትንሽ ቀርቶታል።

ውብዳር የመጣችው ያኔ ነው። እዚያው ኦክላንድ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ትሠራለች። ሰው ሲያወራ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ትሰማለች፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፤ ከዚያች ጥያቄ በኋላ ብዙ ሰው ሌላ ወሬ ይፈልጋል። እምሩ የጋበዛት ሲኒማ አይደለም፣ ጋራዥ ነው። ወንበሮቹ ስለተነቀሉ የሳሙና ሣጥን ላይ አስቀምጧት አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ስቱኮ አስረዳት። አትመለስም ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ክትፎ ይዛ መጣች።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ምሳችን ጋራዥ ሆነ። ሁለት በርሜል ላይ ሳንቃ ጋድመን እንከባለን። እንጀራ የምንለው ነገር ከምን ዱቄት እንደተጋገረ ባይነሳ ይሻላል፤ ክትፎው ግን ክትፎ ነበር። ቅቤውን ከሱቅ ገዝታ በኮረሪማና በእርድ የምታነጥረው ራሷ ናት። እምሩ ይበላል፣ ጥግ ካለችው ቧንቧ በቀዝቃዛ ውሃ እጁን ይለቃለቃል፣ ያራግፋል፣ በጨርቅ ያደርቃል፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ መኪናውን ይዳስሳል። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ሳለ እጁ የሚናፍቀው ላሜራውን ነበር። ውብዳር ይህን እያየች ትስቃለች፤ አንዲት ሴት አንድን ሰው እንደዚያ ካየችው ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አይጠፋኝም።

ስልሳ ስድስት ጥር ላይ፣ በእኛ ማለቴ ነው፣ እምሩ ሽማግሌ ላከ። የተላክነው ጋሽ ወልዴና እኔ ነን። ወላጆቿ ስለሌሉ የሄድነው ወደ ራሷ ነው፤ ክራባት አድርገን በሯ ላይ ቆምን። ጋሽ ወልዴ በወጉ ተናገሩ፣ እኔም በየመሐሉ ራሴን ነቀነቅሁ። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችን። ከዚያ ጥያቄዋ መጣች፤ ሠርጉ መቼ ነው?

ተያየን። እምሩ አደራ ብሎ የላከን ቃል ነበር፤ ሙሽራዬን በሰው መኪና አልወስድም፣ መኪናው ያለቀ ዕለት ነው ብሎናል። ጋሽ ወልዴ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አነሰ። ውብዳር ከመሳቢያ ደብዳቤ አወጣች። ሂዩስተን ያለ ትልቅ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ኃላፊ ሊያደርጋት ይፈልጋል፤ እስከ መስከረም ይጠብቋታል።

«እኔ እወደዋለሁ» አለችን፣ እንዲህ ግልጽ አድርጋ። «ግን ዕድሜዬን ሙሉ ትንሽ ቀርቶታል ስባል አልኖርም። ስልሳ ስድስት ሳያልቅ ብሎ የለ? ይሁን። ጳጉሜ አምስት መኪናው ካላለቀ እኔ ሂዩስተን ነኝ። ንገሩልኝ።»

ነገርነው። እምሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን ሳይነካ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሰው መሥራት ጀመረ። መዳፉ ጎድጓዳ ሲያገኝ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ ያስተካክላል፤ ከላሜራው መጀመር ቀረ። ሁዳዴ ጾም ሲገባ ቀለም መርጨት ደረሰ። የመረጠው ወይን ጠጅ ነው። በጾሙ ቅዳሜዎች የግራውን ጎን በሙሉ ቀባ፤ እንደ መስታወት ወጣ። እኔ ፊቴን አይቼበት ጺሜን መላጨት እንዳለብኝ አወቅሁ።

ፋሲካ አለፈና ወደ ኮፈኑና ወደ ቀኙ ጎን ዞረ። እዚያ ጉድ መጣ። ቀለሙ ገና ከመርጫው ወጥቶ ሲያርፍ እዚህም እዚያም ይሸሻል፤ ክብ ክብ ጉድጓድ ሠርቶ ሥሩን እያሳየ ይቀራል። ቀቢዎች ይህን የዓሣ ዓይን ይሉታል። ከመቶ ዓይን በላይ ተፈጠጠብን። እምሩ ፈትጎ አወረደውና እንደገና ቀባ፤ እንደገና መጣ። ሦስተኛም ቀባ። ከባሕሩ የሚነሳው ጭጋግ ነው አለ። የአየር መጭመቂያው ዘይት ይተፋል አለና ፈትቶ አጠበው። ቀለም ሻጩን ሄዶ ጠየቀው፤ ሰውየው ከመቀባትህ በፊት በማጽጃ ፈሳሽ ጥረገው አለው። እምሩ ሁልጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ይጠርገዋል፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ያ ክረምት ለማንም ቀላል አልነበረም። ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮ ነበረን፤ ስለ አገር ቤት ሲነሳ ሁላችንም ጉርሻችንን ይዘን እንሰማለን፣ ወሬው ሲያልፍ እንቀጥላለን። ሂዩስተኖች ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። ውብዳር አንብባ ስታጥፈው አየሁ፤ አልቀደደችውም፣ በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው። ያኔ ፈራሁ። ስም አውጥቼለት ስምንት ዓመት የሳቅሁበት ሰው ይህቺን ሴት ሊያጣት ነው ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

ፍልሰታ ገባ። እምሩ ተስፋ ስለቆረጠ ትልቁን ትቶ የኋላውን ክዳን ብቻ ቀባ። መስታወት ሆኖ ወጣ። ጋሽ ወልዴ ዙሪያውን አይተው፣ ይህቺ መኪና ጾመኛ ናት፣ የምትበላሸው በፍስክ ብቻ ነው ብለው አሳቁን። ጾሙ በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ ነሐሴ አሥራ ስምንት ቅዳሜ፣ እምሩ በክዳኑ ተደፋፍሮ ኮፈኑንና የቀኙን ጎን ሊቀባ ተነሳ። ጠዋት ጠረገው። የጾም መፍቻ ሰሞን ነውና ውብዳር ክትፎውን አብዝታ ነበር፤ በላን። እምሩ እጁን ተለቃለቀ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ዳሰሰው፣ መርጫውን አነሳ።

የዓሣ ዓይን ብቻ።

መርጫውን አስቀመጠና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ምን ይላል ብለን ጠበቅን። ትንሽ ቀርቶታል ይላል ብዬ ነበር፤ በሕይወቴ ያን ቃል የዚያን ቀን ያህል ልሰማው ፈልጌ አላውቅም።

«አያልቅም» አለ።

ውብዳር አላጽናናችውም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቀለሙን እያየች ቆየች። ከዚያ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞረች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ባለፈው ስለ ጾሙ ምን ነበር ያሉት?»

ጋሽ ወልዴ ቀልዳቸው ለቁም ነገር መፈለጉ ገርሟቸው ደገሙላት። ውብዳር ወደ ኮፈኑ ጠጋ ብላ መዳፏን ከቀለሙ በላይ አንሳፈፈች። አሁን ሁላችንም አየነው። ዓይኖቹ እንዲሁ አልተበተኑም፤ አራት ተርታ ሆነው ይሄዳሉ፣ ከጎናቸው አንድ አጭር ተርታ አለ። አራት ጣትና አውራ ጣት። እምሩን አስነስታ በአየር ላይ እንደሚዳስስ አድርግ አለችው። አደረገ። እጁ የሄደበትና ዓይኖቹ የሄዱበት መንገድ አንድ ነው።

«ክትፎው ነው» አለች። «ቅቤው። ኮልድ ውሃ ቅቤ አያስለቅቅም። ጠዋት ክሊን ታደርገዋለህ፣ ምሳ ትበላለህ፣ ከዚያ በገዛ እጅህ ቅቤ ትቀባዋለህ።»

ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ሳያረጋግጥ አያርፍም። ቁራጭ ላሜራ አስጠርጋ፣ ክትፎ የበሉት ጋሽ ወልዴ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው በአንዱ ጎን አውራ ጣታቸውን እንዲያትሙ አደረገች፤ በሌላው ጎን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥባ የራሷን አተመች። እምሩ ቀለም ነፋበት። በእሷ በኩል ምንም። በሌላው በኩል የጋሽ ወልዴ አውራ ጣት በዓሣ ዓይን ተጽፎ ወጣ። ጋሽ ወልዴ ላሜራውን ለምነው ወስደው ሳሎናቸው ሰቀሉት፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት እሱን ነበር።

አሥራ ሰባት ቀን ቀርቷል። ሌላ ሰው ቢሆን በሳሙና ታጥቦ ይገላገላል። እምሩ ግን እምሩ ነው፤ ሳሙናውም ቅባት አለው አለ። ነጭ የጥጥ ጓንት ገዝቶ አጠለቀና እስከ ጳጉሜ አላወልቅም አለ። በጓንት እንጀራ አይቆረስ። በሹካ ይብላ ብንል ጋሽ ወልዴ ክትፎ በሹካ እኔ ባለሁበት አይበላም አሉ። ስለዚህ መጉረስ ብቻ ቀረለት። ውብዳር ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታጎርሰዋለች፤ እሱ ጓንት ያጠለቁ እጆቹን እንደ ሙሽራ ጭኑ ላይ አድርጎ አፉን ይከፍታል። እሷ ሥራ ላይ ተረኛ ስትሆን የማጎርሰው እኔ ነበርኩ። ሁለታችንም አልወደድነውም።

በእነዚያ ቀናት ግን አንድ ነገር አየሁ። የሚጎርስ ሰው ስለ ስቱኮ ማውራት አይችልም፤ ስለዚህ እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። ስለ ሥራዋ፣ ስለ እህቶቿ፣ ሂዩስተን እንዴት እንደሚሞቅ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያልሰማውን በአሥራ ሰባት ቀን ሰማ። አንዴ አጉርሳው ዝም ስትል፣ ከዚያስ አላት። ጉርሻዋን እንደያዘች አየችው።

ኮፈኑንና የቀኙን ጎን ፈትጎ አዘጋጅቶ ጳጉሜ ሁለት ቅዳሜ የመጨረሻውን ቀለም ሊነፋ ሆነ። በምሳ ሰዓት ውብዳር እንደለመደችው አጎረሰችው፤ ጋራዡ ጠባብ ስለሆነ በግድግዳውና በመኪናው መካከል ተሽሎክልካ ድስቷን ይዛ ወጣች። በሩን ዘግቶ ቀባ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ማንንም አላስገባም።

ጳጉሜ አምስት ማክሰኞ ዋለ። ከሥራ በቀጥታ ሄድን፤ ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። ጋሽ ወልዴ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ቀኑ አሥራ ሁለት ላይ ያልቃልና ስልሳ ስድስት አንድ ሰዓት ቀርቶታል ይላሉ። የጋራዡ በር ተከፈተ። ሞተሩ ተነሳ፣ ያው ጥንትም ጤነኛ የነበረው ሞተር፣ መኪናውም በገዛ ጎማው ወደ ብርሃኑ ወጣ። ስምንት ዓመት ያፌዝኩበት ሰው ነኝና እውነቱን ልናገር፤ አፌ ተከፍቶ ቀረ። ወይን ጠጁ ውስጥ መንገዱም፣ ዛፎቹም፣ እኛም ነበርን። እምሩ ወረደና ጓንቱን አወለቀ።

ውብዳር መኪናውን በዝግታ ዞረች። የቀኙ የፊት በር ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አንገቷ ዘንበል አለ። ከመያዣው ሥር አራት ትናንሽ የዓሣ ዓይኖች፣ ከጎናቸው አንድ። ጎንበስ ብላ ጣቶቿን አስጠጋች። ልክክ አሉ። የእምሩ እጅ ትልቅ ነው፤ ይህ የእሷ ነው።

ፊቷ ተለዋወጠ። እንደዚያ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም።

«እምሩ፣ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ካጎረስኩህ በኋላ ስወጣ እዚህ ጋ ተደግፌ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ። «ስቀባው ነው ያየሁት።»

እምሩ ያን በር ሦስት ቀን ሲያየው ከርሟል ማለት ነው። ውብዳር ቦርሳዋን ይዛ ትንሽ አሰበችና፣ ከእሷ ይወጣል ብዬ ያልጠበቅሁትን ተናገረች።

«ሳንድ አድርገው፣ ፈትገህ እንደገና ቀባው። ሂዩስተን ኮል አድርጌ ሁለት ሳምንት ጨምሩልኝ እላቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እጠብቅሃለሁ።»

ይህ ሰው ከፈረንጅ አቆጣጠር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የሰረቀ ሰው ነው። ጳጉሜ ተጨመረችልህ ሲባል እጅ የነሳ ሰው ነው። አሁን ሁለት ሳምንት፣ ሳይለምን፣ ከዚያችው ከምትፈርድበት ሴት ተሰጠው። እጁ ወደ ኪሱ ገባ። የታጠፈው ብርጭቆ ወረቀት ወጣ። ጋሽ ወልዴ ላለማየት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እምሩ ወረቀቱን አንዴ አየውና ለእኔ አቀበለኝ። ከዚያ መዳፉን በሩ ላይ፣ በእሷ ጣቶች ላይ አሳረፈ። ዓይኑን አልጨፈነም።

«አለቀ» አለ።

ውብዳር ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ፣ «ኮሉን ግን አደርገዋለሁ» አለች። «አልመጣም እላቸዋለሁ።»

በሩን ከፈተላት፤ ስትገባ ጣቶቿ እነዚያው አምስት ምልክቶች ላይ አረፉ። ወደ ሌክ ሜሪት ቁልቁል ሲወርዱ እስከ መታጠፊያው ተከትለን አየናቸው። በባሕሩ ሥር የሚያልፈው ባቡር ሥራ የሚጀምረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ተብሎ ነበር፤ እምሩ በስድስት ቀን ቀደመው። ጋሽ ወልዴ ሰዓታቸውን አይተው ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል አሉኝ። ብርጭቆ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሳንቃው ላይ ክትፎ ተርፎ ስለነበር ገብተን በላን፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ውሃ ተለቃለቅን።